ሰው «በከፊል» አይነሣም

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ፎቶግራፍ ያልታተመበት የሥራ መግለጫ፣ ፎቶግራፍ ያልተሰቀለበትም የመሥሪያ ቤት ግድግዳ ማግኘት አስቸጋሪ እንደ ሆነ አንባቢ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ነገሩ በራሱ የሚያስከፋ አይደለም። ነገር ግን ከፎቶግራፎቹ ግርጌ የሚጻፈውን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንዲት ቃል ሳትታክት ስትመላለስ ያገኛታል። ይህችውም «በከፊል» የምትባለው ናት። «የስብሰባው ተሳታፊዎች በከፊል»፣ «የቀበሌው ነዋሪዎች በከፊል»፣ «ተጓዦች በከፊል» እየተባለ ይጻፋል። ጸሐፊው በፎቶግራፉ ውስጥ የገቡት ከጠቅላላው ሰው ጥቂቶቹ ብቻ መሆናቸውን ለመግለጽ እንደ ፈለገ ይገባናል። ዳሩ ግን ቃሊቱ ሳታስበው ሌላ እውነት ተናግራለች። በፎቶግራፉ ውስጥ ያለው ሰው በእርግጥም በከፊል ብቻ ነው ያለው። መልኩ አለ፤ ስሙ የለም። የተሸከመው ዕቃ ይታያል፤ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ግማሹ ተወስዶ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንከራከርለት ነገር አንድ ነው። የአፍታ ፎቶግራፍንና የቁም ነገር ፎቶግራፍን የሚለያያቸው የመሣሪያው ዋጋ ወይም የአንሺው ማዕርግ አይደለም፤ የሥዕሉም ማማር ብቻውን አይለያያቸውም። የሚለያያቸው አንሺው ለተነሺው ዕዳ እንዳለበት ዐውቆ መክፈሉ፣ ወይም ሳይከፍል መንገዱን መቀጠሉ ነው። ይህን ስንል የሚቃወሙን ብዙዎች እንደሚሆኑ እናውቃለን፤ ስለዚህም መቃወሚያቸውን አንድ በአንድ እያነሣን መልስ እንሰጥበታለን። አስቀድመን ግን ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ሁሉም ወደሚያውቀው አንድ ስፍራ እንውረድ።

ሆሳዕና፣ በቀድሞ ስሟ ዋቸሞ፣ የሐዲያ ዞን ዋና ከተማ ናት። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህም ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። የከተማዪቱን ልብ ትርታ ለማዳመጥ የሚፈልግ ሰው ግን ወደ ቢሮዎቹ ሳይሆን ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደ መናኸሪያው መሄድ አለበት። በዚያ ሰዓት ረዳቶቹ «ዱራሜ! ዱራሜ!»፣ «ሾኔ! የሞላ!»፣ «ወራቤ! ቡታጅራ! አዲስ አበባ!» እያሉ ይጣራሉ። ተራ አስከባሪው ወረቀቱን ይዞ ከአንዱ መኪና ወደ አንዱ ይመላለሳል። ተሸካሚው ከቅጥቅጡ ጣራ ላይ ሆኖ ጆንያና የፕላስቲክ ጀሪካን ይቀበላል። ሻይ የምታፈላዪቱ ልጅ ከሰሏን ታራግባለች። ከጊምቢቹና ከዶዮገና በሌሊት የደረሰው ገበሬ በነጠላው ተሸፋፍኖ ሲነጋ የሚከፈተውን መሥሪያ ቤት ይጠብቃል። ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚገባው ተማሪ ፍራሹን ጠቅልሎ ይወርዳል፤ ወደ ሩቅ አገር የሚሄደውም ወጣት በዚያው በር ይወጣል።

በአንድ እንዲህ ባለ ማለዳ እኛም እዚያው ቆመን ነበር። ስሙን ከማንጠራው መሥሪያ ቤት ለጉብኝት ከመጡት መካከል አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ግራና ቀኝ ማንሣት ጀመረ። ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው በጀርባቸው ያዘሉ አንዲት እናት ከመኪናው መሰላል ሥር ቆመው ነበርና፣ ፊታቸው በማለዳው ብርሃን ደስ ቢለው ሦስትና አራት ጊዜ አከታትሎ አነሣቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው፣

«ልጄ፣ ይህን ነገር ለእኛም ትሰጠናለህ?» አሉት።

«እሺ እናቴ፣ እልክልዎታለሁ።»

«የማን ብለህ?»

ወጣቱ ሣቅ አለና ወደሚጠብቁት ባልደረቦቹ ሄደ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሊዋሽም አስቦ አልነበረም። ግን ስማቸውን አልጠየቀም። ከጥቂት ወራት በኋላ እኒያው እናት በአንድ የታተመ መጽሔት ገጽ ላይ በመልካም ቀለም ወጥተው አገኘናቸው። ከግርጌያቸው የተጻፈው «የመናኸሪያው ተገልጋዮች በከፊል» የሚል ነበር። የጥያቄያቸው መልስ ይህ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንግባ። የመጀመሪያው መቃወሚያ ስለ መሣሪያው የሚነገረው ነው። «በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ምን ቁም ነገር ይገኝበታል? በጀት ተመድቦ ትልቁ ካሜራ ሲገዛ ቁም ነገሩም አብሮ ይመጣል» ይሉናል። ይህ አስተሳሰብ የዛሬ አይደለም። ፎቶግራፍ በ1839 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ለዓለም ከተገለጸ በኋላ ለብዙ ዘመን ሣጥኑን፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያውንና የመስተዋት ገበታውን አሸክሞ የሚያዞር አድካሚ ሥራ ነበር። በ1888 እ.ኤ.አ. ግን ጆርጅ ኢስትማን የተባለው አሜሪካዊ 100 ፎቶግራፍ የሚወጣበት ጥቅል ፊልም የገባበትን ኮዳክ የተባለ ትንሽ ካሜራ ለገበያ አቀረበ። ገዢው ቁልፉን መጫን ብቻ ነበር ሥራው፤ ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልካል፤ ማጠቡም ማተሙም በዚያ ይፈጸማል። በ1900 እ.ኤ.አ. ብራውኒ የተባለው ካሜራ በ1 ዶላር መሸጥ በጀመረ ጊዜማ ለሕፃናት እንኳ ደረሰ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም እንዲህ በችኮላ ለሚነሣው ፎቶግራፍ ስም ሲፈልጉ ከአዳኞች ቋንቋ ተዋሱ። ቃሉ በደንብ ሳያነጣጥሩ በድንገት የሚተኮስ ጥይት ማለት ነው። ተኳሹ አውሬውን ይምታው አይምታው እርግጠኛ አይደለም፤ ተኩሶ ያልፋል።

ነገር ግን ትንሹ ካሜራ የመጣው ችኩል ለሆነው ሰው ብቻ አልነበረም። አልፍሬድ ስቲግሊትስ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ በየካቲት 22 ቀን 1893 እ.ኤ.አ. በእጅ የምትያዝ ካሜራ ይዞ በኒው ዮርክ ከተማ አምስተኛው ጎዳና ላይ ወጣ። ዕለቱ ኃይለኛ የበረዶ ውሽንፍር የነበረበት ነው። ሠረገላ ነጂው ፈረሶቹን እየገፋፋ በበረዶው ውስጥ የሚያልፍበትን ትክክለኛ ቅጽበት ለማግኘት ሦስት ሰዓት ያህል ቆሞ እንደ ጠበቀ ራሱ ጽፎታል። ያ ፎቶግራፍ ዛሬም ይታያል። የዘመኑ ባለሙያዎች መጫወቻ ነው እያሉ ይንቁት በነበረው ዓይነት መሣሪያ ቁም ነገር ተሠራበት። ልዩነቱ ከመሣሪያው አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል። በውድ ካሜራም ቢሆን ሳያነጣጥሩ መተኮስ ይቻላል፤ በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያሉት አልበሞች ለዚሁ ምስክር ናቸው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ጠለቅ ያለ ነው። «ፎቶግራፍ የቅጽበት ሥራ ነው፤ ፈረንሳዊው አንሪ ካርትዬ ብሬሶን በዓለም የታወቀው በፍጥነቱ አይደለምን? ታዲያ ፍጥነትን ስለ ምን ትነቅፋላችሁ?» የሚል ነው። እኛ ፍጥነትን አልነቀፍንም። ፍጥነት ሌላ፣ ችኮላም ሌላ ነው። ካርትዬ ብሬሶን በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ በፈረንሳይኛ የተሰጠው ርእስ መናኸሪያን ለሚያውቅ ሰው እጅግ ግልጽ ነው። ቃሉ ያለ ፈቃድ በመንገድ ዳር የሚነግድ ሰው ደንብ አስከባሪ ሲመጣበት ዕቃውን ጠቅልሎ የሚነሣበትን ሁኔታ የሚያመለክት ነው። እንዲህ ያለውን ነጋዴ በየመናኸሪያችን በር ላይ በየቀኑ እናየዋለን። ሲሮጥ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የቆመበትን ስፍራ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ደንበኞቹን ያውቃል፤ መውጫውንም ያውቃል። ፍጥነቱ ከዕውቀቱ የመጣ ነው። ችኩል ግን ስፍራውንም ሰዎቹንም ሳያውቅ ይሮጣል። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያሉት ስለዚህ ነው፤ የአፍታ ፎቶግራፍ አንሺ ግን የፈሰሰውን ተመልሶ እንኳ አይለቅምም።

«መናኸሪያ መተላለፊያ ነው፤ ሰው ሁሉ በጥድፊያ ላይ ነው፤ በዚያ ቁም ነገር መሥራት አይቻልም» የሚሉንም አሉ። ለእነዚህ መልሱን ከአፍሪካ እንስጣቸው። ሴይዱ ኬይታ የተባለው የማሊ ፎቶግራፍ አንሺ በ1948 እ.ኤ.አ. በባማኮ ከተማ ፎቶ ቤቱን ሲከፍት ስፍራው ከባቡር ጣቢያው ብዙ የራቀ አልነበረም። ከነዋሪው ሌላ መንገደኛውም ወደ እርሱ ይመጣ ነበር። ኬይታ ለደንበኞቹ ሙሉ ልብስና ክራቫት፣ የእጅ ሰዓት፣ እስክሪብቶና ሬዲዮ አዘጋጅቶ ነበር፤ እንዴት ቢቀመጡ እንደሚያምርባቸው ራሱ ያስተካክላቸው ነበር። ፊልም ውድ ስለ ነበረም አንድን ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሣው አንዴ ብቻ ነው። መንገደኛውም የታተመውን ፎቶግራፍ ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። እነዚያ ፎቶግራፎች ብዙ ዓመታት ቆይተው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአውሮፓና በአሜሪካ አዳራሾች በታዩ ጊዜ ዓለም ተደነቀ። አስቀድሞ ግን ለባለ መልኮቹ ደርሰው ነበር። ነገሩ ያለው በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው፤ መጀመሪያ ለባለቤቱ፣ ቀጥሎ ለዓለም።

ቋንቋችንም ቢሆን ይህን የሚያስተምር ቃል ይዟል። እኛ ፎቶግራፍን «አነሣ» እንላለን። ከመሬት ወይም ከሰው ደጅ የተነሣ ነገር ደግሞ አንድ ቀን መመለስ ወይም በክብር የሚቀመጥበት ስፍራ ማግኘት አለበት። አንሥቶ የሄደውንና ያልመለሰውን ሰው በሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ ምን ብለን እንደምንጠራው አንባቢ አያጣውም።

የስምን ነገር ስናነሣ የታሪክን መንገድ ዞር ብሎ መመልከት ይጠቅማል። ካሜራ ወደ አገራችን በስፋት ከገባባቸው መንገዶች አንዱ የጦርነት መንገድ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩበት። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በዚያው በ1868 እ.ኤ.አ. በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በተባለች ታላቅ ፎቶግራፍ አንሺ ተነሣ። ያ ያዘነ የልጅ ፊት ከነስሙ እስከ ዛሬ ይታወቃል፤ የንጉሥ ልጅ ነበርና። ከዚያም በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወረሱ። ንጉሡ፣ ራሱ፣ ደጃዝማቹ ቀን ተቀጥሮለት፣ ካባ ለብሶ፣ ጎራዴ ታጥቆ፣ ስሙ ከነማዕርጉ ተጽፎለት ይነሣ ነበር። በአንጻሩ በዚያው ዘመን በተነሡት ብዙ ፎቶግራፎች ላይ ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ውኃ ቀጂዋ «አንድ ገበሬ»፣ «አንድ ወታደር»፣ «ውኃ ቀጂ ሴት» ከመባል አላለፉም። ስም የማዕርግ ግብር ነበር። ያ ሥርዓት ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በፎቶግራፍ ግርጌ ግን አላለፈም። ዛሬም ቢሆን በመናኸሪያ ምረቃ በዓል ላይ በተነሣ ፎቶግራፍ ውስጥ ሪባን የሚቆርጠው ሰው ከነሙሉ ስሙና ከነሹመቱ ይጻፋል፤ ድንጋዩን የጠረበው ግንበኛ ደግሞ «በከፊል» ይሆናል።

ከዚህ ጋር አንድ አስገራሚ ነገር እናንሣ። ከፎቶግራፎች ሁሉ ዝቅ ተደርጎ የሚታየው ከፎቶ ቤት በር ላይ ተሰልፈን የምንነሣው ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ከደረት በታች ተቆርጦ፣ ነጭ ግድግዳ ጀርባ ሆኖ፣ ሣቅ የሌለበት ነው። ጉርድ መባሉም ስለ መቆረጡ ነው። ይሁንና ይህ ጉርድ ከነሙሉ ስሙ፣ ከነአባቱና ከነአያቱ ስም በመታወቂያና በማመልከቻ ላይ ይለጠፋል። ሰውነቱ ተቆርጦ ሰውዬው ሙሉ ነው። በመጽሔታችን ገጽ ላይ ግን ሰውነቱ ሙሉ ሆኖ ሰውዬው ጉርድ ነው። የትኛው ነው ቁም ነገር?

እዚህ ላይ ከባዱ መቃወሚያ ይመጣል። «በዓለም ላይ እጅግ የከበሩት ፎቶግራፎችም ስም አልነበራቸውም» ይሉናል። እውነት ነው። አሜሪካዊቷ ዶሮቲያ ላንግ በ1936 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በአንድ የአተር ለቃሚዎች ሰፈር አንዲት የተቸገረች እናት ከልጆቿ ጋር አነሣች። ፎቶግራፉ የዚያ የችግር ዘመን ምልክት ሆኖ በዓለም ዞረ። ላንግ ግን የእናቲቱን ስም አልጠየቀችም። ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 እ.ኤ.አ. ከ42 ዓመት በኋላ ነው፤ እርሷም ከዚያ ፎቶግራፍ አንዳች ጥቅም እንዳላገኘች በምሬት ተናገረች። በእኛም አገር በ1977ቱ የረሃብ ዘመን በትግራይ በካናዳ ቴሌቪዥን ካሜራ የታየችው ሕፃን መልክ በ1985 እ.ኤ.አ. ላይቭ ኤይድ በተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ለዓለም ታየ። ብርሃን ወልዱ የሚለውን ስሟን ብዙው ሰው የሰማው ግን በ2005 እ.ኤ.አ. በለንደን መድረክ ላይ በቆመች ጊዜ ነው።

የላንግ ፎቶግራፍ የአፍታ ፎቶግራፍ ነው አንልም። ዓይኗ የሠለጠነ ነበር፤ ልቧም ከችግረኞቹ ጋር ነበር። የምንለው ዕዳው ለ42 ዓመት ሳይከፈል ቆየ ነው። ታላቅ ሥራ ዕዳ ሊኖርበት ይችላል፤ ዕዳ መኖሩ ግን ለታላቅነቱ ምክንያት አይሆንም። ላንግ ያን ሁሉ ትጋት አድርጋ አንድ ነገር ብትዘነጋ እናዝንላታለን። ትጋቷን ሳንይዝ ዝንጋታዋን ብቻ ብንወርስ ግን ማን ያዝንልናል?

ስም የሌለው መልክ ሌላም አደጋ አለው፤ ያገኘው ሁሉ እንደ ወደደ ያናግረዋል። ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 እ.ኤ.አ. የወሎን ረሃብ ያሳየበት ፊልም በመጀመሪያ ለረሃብተኛው እርዳታ እንዲሰበሰብ ምክንያት ሆነ። በ1967 ዓ.ም. መባቻ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ደግሞ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ መንግሥትንም ለመጣል አገለገለ። የተራቡት ሰዎች ለአንዱም ለሌላውም አልተጠየቁም። ስም ያለው ሰው «እኔ እንዲህ አላልኩም» ሊል ይችላል፤ «በከፊል» የተባለ ሰው ግን ምን አፍ አለው?

እስካሁን ስለ ክብር ተናገርን። ነገሩ ከክብርም የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ከሐዲያና ከከምባታ፣ ከሆሳዕናና ከሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ ካለችው ከዱራሜ፣ ከሾኔም ከሺንሺቾም ብዙ ወጣቶች ከሃያ ዓመት በላይ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ እንደ ኖሩ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በላኩት ገንዘብ የተሠራው ቤት በየከተማው ይታያል። በመንገድ የቀሩት ግን አይታዩም። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑ ተነገረ። በታኅሣሥ ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኘ፤ የአገሩ ፖሊስም ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገለጸ። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ጊዜ ልጁ ድምፁ የጠፋበት ቤተሰብ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ፎቶግራፍ ነው።

ያ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ የተነሣው በመናኸሪያ ነው። ወንድም ወንድሙን ከመኪናው በር ላይ በስልኩ አንሥቶታል። ረዳቱ «ግቡ! ግቡ!» እያለ ስለ ነበረ እጁ ተንቀጥቅጦ ሥዕሉ ትንሽ ዘመም ብሏል። ከጀርባ የሌላ ሰው ጆንያ ገብቶበታል። የእናቲቱ ፊት ግማሹ ከክፈፉ ውጭ ቀርቷል። በባለሙያ ዓይን ሲታይ ከአፍታ ፎቶግራፎች ሁሉ የመጨረሻው ነው። ነገር ግን በቤቱ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የማን መልክ እንደ ሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተነሣ፣ የትኛውን ሹራብ እንደ ለበሰ፣ ጆንያውም የማን እንደ ነበረ በዚያ ቤት የማያውቅ የለም። ግማሽ ፊታቸው የቀረው እናት እንኳ በዚያ ፎቶግራፍ ውስጥ በከፊል አይደሉም። ይህ የቁም ነገር ፎቶግራፍ ነው። ጥበቡ አይደለም ቁም ነገር ያደረገው፤ በፎቶግራፉ ውስጥ ላሉት የሚጠየቅ ሰው መኖሩ ነው።

ስለዚህ የምንከራከረው ለባለሙያዎች ብቻ ተቆርቁረን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ባለሙያዎችማ እየበዙ ነው፤ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የአገራችንን አንሺዎች ከዓለም ጋር አገናኝቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍም ከከተማዪቱ ቤተሰቦች አልበም የተሰበሰቡ የሠርግ፣ የትምህርት ቤትና የሽርሽር ፎቶግራፎችን ይዞ ሲወጣ፣ በሣጥን ውስጥ የኖረው የአፍታ ፎቶግራፍ ሰብሳቢና ጠያቂ ሲያገኝ ታሪክ እንደሚሆን አሳይቷል። የሆሳዕናና የዱራሜ፣ የሾኔና የአንጋጫ አልበሞችስ? የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ሲያልፉ ስሞቹም አብረው ያልፋሉ፤ ፎቶግራፉ ግን ሰው የማያውቀው ሰው ይዞ ይቀራል።

ሹማምንት ወገኖቻችን «ጊዜ የለንም፤ በጀትም አልተያዘም» እንደሚሉን እናውቃለን። ለዚህ የሚያስፈልገው በጀት እርሳስና ወረቀት ነው። ስልካችሁ ሰዓቱንና ዕለቱን ራሱ ይመዘግባል፤ ካዘዛችሁትም ቦታውን ይጨምራል፤ ለእያንዳንዱም ፎቶግራፍ ቁጥር ይሰጠዋል። ስምን ጠይቆ መጻፍ ግን ለሰው የተተወ ሥራ ነው፤ ማሽኑ የማይችለውም ይህንኑ ብቻ ነው። ከሁለት መቶ ፎቶግራፍ ይልቅ ሁለት አንሡ፤ ስም ጠይቁ፤ ፈቃድ ጠይቁ። ስሜን አልሰጥም ወይም አልነሣም ያለ ሰው ቢኖር መብቱ ነውና አመስግናችሁት እለፉ። አንድ ቅጂ አሳትማችሁ ለባለ መልኩ መልሱ። ሰውዬው መንገደኛ ቢሆን በተራ አስከባሪው ወይም ሻይ በምታፈላዪቱ ልጅ እጅ ይደርሰዋል፤ መናኸሪያ ከማናቸውም ፖስታ ቤት ይልቅ የሰውን አድራሻ ያውቃል። «በከፊል» የምትለውንም ቃል ከጽሕፈት ቤታችሁ አሰናብቱ። ሕዝቡ ብዙ ሆኖ የሁሉን ስም መጻፍ ባይቻል፣ ቢያንስ ቦታውንና ቀኑን፣ የተሰበሰቡበትንም ምክንያት ጻፉ።

መምህራን ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይቻላቸዋል። ተማሪውን በሳምንት አንድ ፎቶግራፍ ብቻ እንዲያነሣ ያዙት፤ አንድ ብቻ መሆኑ እንደ ኬይታ ፊልም ያስተምረዋል። ከመጫኑ በፊት ሰላምታ እንዲሰጥ፣ ስም እንዲጠይቅ፣ ከየት ወዴት እንደሆነ እንዲያዳምጥ፣ ያዳመጠውንም በአሥር መስመር እንዲጽፍ አድርጉት። የአያቱን አልበም ገልጦ አያቱ በሕይወት ሳሉ ስሞቹን ይጻፍ። ይህን የለመደ ልጅ ነገ ሐኪም ቢሆን በሽተኛውን በአልጋ ቁጥር አይጠራም፤ ሹም ቢሆንም ባለ ጉዳዩን በመዝገብ ቁጥር አያሰናብትም። ሰውን ሙሉ አድርጎ ማየት በአንድ ሙያ ብቻ የሚቀር ልማድ አይደለምና።

እኒያ ቆጮ ያዘሉ እናት በማግሥቱም፣ ከዚያም በኋላ በነበሩት የገበያ ቀናት በዚያው መሰላል ሥር ሳይቆሙ አልቀሩም። ፎቶግራፋቸው እስከ አሁን አልደረሳቸውም። ላኪው መላክ ቢፈልግ እንኳ የጠየቁትን አንዲት ጥያቄ ሳይመልስ ሊልክላቸው አይችልም። ጥያቄያቸውም ካሜራ ለያዘው፣ ለሚያሳትመውና ለሚያስተምረው ሁሉ የቀረበ ነው፤ «የማን ብለህ?»